የኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ ውልና ጥበብ

አንዲት የሲኒማ ተጫዋች የምትመዘነው በሠራቻቸው ፊልሞች ብቻ ነውን? ወይስ አልሠራም ባለቻቸውም ጭምር? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ስለ ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ የሚሰጠው አስተያየት ብዙውን ጊዜ «ደግና ለስላሳ ሴት ኾና የምትጫወት» በማለት የሚያበቃ ስለ ኾነ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ጎደሎ ነው።

ኦሊቪያ በ1916 ዓ.ም. ከእንግሊዛውያን ወላጆች ቶኪዮ ተወልዳ በካሊፎርኒያ አደገች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋርነር ብራዘርስ በተባለው ኩባንያ ተቀጥራ ከ1935 እስከ 1941 ዓ.ም. ከኤሮል ፍሊን ጋራ ስምንት ፊልሞች ሠራች። በነዚህ ፊልሞች ሰይፍ የሚመዝዘውም ኾነ ጦር የሚመራው ወንዱ ነው፤ የእርሷ ድርሻ በአመዛኙ መወደድና መጠበቅ ነበር።

በውል ታስራ ሳለች ጥሩ ሥራ ሠርታ የለምን? የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1939 ዓ.ም. «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም ሜላኒን ኾና በመጫወቷ፣ በ1941 ዓ.ም. ደግሞ «ሆልድ ባክ ዘ ዶውን» በተባለው ሥራዋ ለኦስካር ሽልማት ታጭታለች። ነገር ግን ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ኹለቱም ፊልሞች የዋርነር ሳይኾኑ፣ ለሌላ አዘጋጅ በውሰት ተሰጥታ የሠራቻቸው መኾናቸው ነው። የገዛ አሠሪዋ ያላየላትን ችሎታ የተዋሷት አዩት።

የሰባት ዓመቱ ውሏ በ1943 ዓ.ም. ሲያልቅ ኩባንያው፣ የማይስማማትን ጨዋታ እምቢ በማለቷ ታግዳ የቆየችበትን ስድስት ወር ያህል ጊዜ በውሉ ላይ ልጨምር አለ። እርሷም በሕግ አምላክ ብላ ከሰሰች። ከዚያ በፊት በ1936 ዓ.ም. ቤቲ ዴቪስ ከዚሁ ኩባንያ ጋራ በለንደን ተሟግታ ስለ ተረታች ነገሩ እጅግ አስጊ ነበር። ክርክሩ እስኪያልቅም ሥራ ፈትታ ቆየች። ኾኖም የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ የሚቈጠር ሰባት ዓመት ነው ሲል ፈረደላት። ፍርዱም ከእርሷ አልፎ ለሌሎች ተጫዋቾች መከታ ኾነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ምስክር ነው። በ1946 ዓ.ም. «ቱ ኢች ሂዝ ኦውን»፣ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ «ዘ ኤይረስ» ኦስካር አስገኙላት። የኋለኛውን ቴአትር በኒው ዮርክ አይታ ዊሊያም ዋይለር ፊልም እንዲያደርገው ያሳሰበችው ራሷ ናት። በዚህ ፊልም ካትሪን የተባለችው የሀኪም ልጅ በደረጃው ላይ የምትወጣባቸው ኹለት ጊዜያት አሉ። መጀመሪያ አብሯት ሊኰበልል የነበረው ወጣት በቀረባት ሌሊት ጓዟን ተሸክማ እግሯን እየጎተተች ትወጣለች። በመጨረሻ ግን ያው ሰው ተመልሶ የተቈለፈውን በር ሲደበድብ እርሷ መብራቷን ይዛ ቀስ ብላ ትወጣለች። በፊቷ ላይ ድል አለ፤ ደስታ ግን ጥቂት ነው። ለስላሳ የተባለችው ተጫዋች ለስላሳነት እንዴት ወደ ድንጋይነት እንደሚለወጥ ያሳየችን እዚህ ላይ ነው።

ይህን ስል ፍርድ ቤት ጥበብን ይሰጣል ማለቴ አይደለም። ያለ ዋይለር ብርቱ እጅ ይህ ፊልም እንዲህ ባልኾነ ነበር። ደግሞም ካትሪን ኦሊቪያ ናት ማለት የተጫዋቿን ድካም ማቃለል ይኾናል። ሕጉ የሰጣት የመምረጥ ሥልጣን ነው፤ ምርጫዋ ግን የጥበቧ አንድ ክፍል ነው። ኦሊቪያ በ2020 ዓ.ም. በ104 ዓመቷ ፓሪስ ላይ ዐረፈች። ስለ እርሷ የሚጽፍ ኹሉ የፊልሞቿን ዝርዝር ሲቈጥር እምቢታዋንም አብሮ ይቍጠር።