ግሱ መሃል ሲቀመጥ፦ የእንግሊዝኛ ግሶች በአሶሳ መማሪያ ክፍል

በትምህርት ቤቶቻችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲጀመር ግስ «ድርጊትን የሚገልጽ ቃል» ተብሎ ይበየናል። ቀጥሎ ዓይነቶቹ ይደረደራሉ፦ ተሻጋሪ፣ የማይሻገር፣ አያያዥ፣ ረዳት። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተና ያልፋል፤ ዓረፍተ ነገር ልመሥርት ሲል ግን ዝርዝሩ አያግዘውም። ብያኔው ራሱ ደካማ ነውና። «መሰለ» ድርጊት አይደለም፣ ግን ግስ ነው፤ «ሩጫ» ድርጊት ነው፣ ግን ስም ነው። ግስን የምናውቀው በዓረፍተ ነገር ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው፦ ስንት ተሳታፊ ይፈልጋል? የትኛውን ባለቤት፣ የትኛውን ተሳቢ ያደርጋል? ጊዜንና አሉታን የሚሸከመው እሱ ነው ወይስ ሌላ ረዳት?

ይህ ጉድለት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይብሳል። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ሲፈቅድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። በተግባር ግን የእንግሊዝኛ ግስ ለብዙ የአሶሳ ተማሪ የሚብራራለት በሁለተኛ ቋንቋው፣ በአማርኛ ነው። መምህሩም የተለመደውን ማሳሰቢያ ይሰጣል፦ «በእኛ ቋንቋ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ነው።»

ይህ «በእኛ» ማንን ይጨምራል? ለአማርኛ ተናጋሪው ልክ ነው። ኦሞአዊ የሆነው ሽናሽኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። በበርታ ቋንቋና በጉሙዝኛ ግን የተለመደው አቀማመጥ ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ነው፤ ግሱ እንደ እንግሊዝኛው መሃል ላይ ይውላል። የቋንቋ ተመራማሪው ቶርበን አንደርሰን በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በበርታ ባለቤቱ ከግሱ በኋላ ሲመጣ የባለቤትነት ምልክት ይይዛል፤ ከግሱ ሲቀድም ያንን አይሻም። የግሱ ቦታ የባለቤቱን ሙያ ምን ያህል እንደሚወስን ማወቅ የበርታ ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። እኛ ይህን ዕውቀት ወደ ጎን አድርገን፣ «በአማርኛ ቅርጽ አስበህ ገልብጠው» እንለዋለን። ይህ ትልቅ ብክነት ነው።

የመሻገር ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ «ሺ ብሮክ ዘ ፖት» ይባላል፤ «ዘ ፖት ብሮክ»ም ይባላል። የግሱ መልክ አልተለወጠም፣ የተሳታፊው ቁጥር ግን ቀንሷል። አማርኛ «ሰበረች» እና «ተሰበረ» ብሎ ልዩነቱን በግሱ አካል ላይ ያሳያል። ስለዚህ አማርኛ ለለመደ ተማሪ ሸክላው ሲሰበር «ዘ ፖት ዎዝ ብሮክን» ማለት ብቻ ትክክል ይመስለዋል። በሌላ በኩል «ሂት» እንደ «ብሬክ» አይደለም፤ «ዘ ዎል ሂት» ብሎ ግድግዳው ተመታ ማለት አይቻልም። የቋንቋ ተመራማሪው ቻርልስ ፊልሞር በ1970 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ግሶች አነጻጽሮ ልዩነቱን ከትርጉማቸው አውጥቶታል፦ አንዱ የሁኔታ ለውጥን፣ ሌላው መነካትን ይገልጻል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ቤዝ ሌቪን በ1993 እ.ኤ.አ. ከ3 ሺህ በላይ የእንግሊዝኛ ግሶችን በዚህ መንገድ መድባለች። «ተሻጋሪ» የሚለው መለያ ብቻውን ይህን ሁሉ አይናገርም።

ጉሙዝኛ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኮሊን አላንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የሰዋስው ጥናት እንደሚታየው፣ በጉሙዝኛ ስም ወደ ግሱ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከአካል ክፍል ስሞች የተገኙ መመደቢያዎችም ግሱ ላይ ይቀመጣሉ። ተሳቢ ሁልጊዜ ከግሱ ውጭ የቆመ ስም ነው የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ አባባል ለዚህ ተናጋሪ ከጅምሩ ጠባብ ነው።

ረዳት ግስ ላይ አማርኛ እንዲያውም ጥሩ መንደርደሪያ ይሆናል። «ይበላል» ውስጥ «አለ» ተጣብቆ አለ፤ «በልቶ ነበር» ውስጥ ረዳቱ ለብቻው ይታያል። አሉታ ግን «አልበላም» እንደምንለው በራሱ በግሱ ላይ ይወጣል። እንግሊዝኛ ለአሉታም ለጥያቄም፣ ሌላ ረዳት ከሌለው፣ «ዱ»ን ይጠራል፤ ጊዜውንም ለእሱ ያስረክባል። «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» የሚለው የተለመደ ስሕተት የሚመጣው ጊዜው ሁለት ቦታ ሲጻፍ ነው። «ራበኝ» ደግሞ ሌላ ልዩነት ያሳያል፦ በአማርኛ ግስ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን «ቢ» የሚያስረው ቅጽል።

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በአሶሳ ዩኒቨርሲቲና በግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ውስጥ ሊገቡ ይገባል። መምህሩ የተማሪዎቹን ቋንቋ ሁሉ መናገር አይጠበቅበትም። «ሸክላውን ሰበረችው» እና «ሸክላው ተሰበረ» የሚሉትን ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ያድርግ፤ ግሱ የት እንደተቀመጠና መልኩ ምን እንደሆነ ይጠይቃቸው፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ይጻፍ።