«እስከ» ያለ «ከ»

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ አመል አይለቀውም፤ ማስታወቂያንም እንደ ግጥም ቃል በቃል ይመረምራል። ሰሞኑን የያዘኝ ቃል «እስከ» ነው። የቤት ኢንተርኔት ሲሸጥልን «ፍጥነቱ እስከ 4 ሜጋ ቢት» ይባላል። እስቲ ልብ በሉ፤ «ከሲቀላ እስከ ሴቻ» ስንል ሁለቱም ጫፍ ይታወቃል። «እስከ ሴቻ» ብቻ ያለን የባጃጅ ሹፌር ግን ዳገቱ ሥር ቢያወርደን በምን እንከሰዋለን? የወሩ ሂሳብ ላይ ደግሞ «እስከ» የሚባል ነገር የለም። «እስከዚህ የቻልከውን ክፈል» ያለኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የኛም የንባብ ጉድለት አለበት። «የኔ ቤት 100 ሜጋ ነው» ብሎ የሚፎክር ጎረቤት አይጠፋም። 100 የሚለው የኮምፒውተሩ ስክሪን ነው፤ ቁጥሩም ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው የቤት ውስጥ መስመር ነው። የአርባ ምንጭ ሰው ይህ አይጠፋውም። ሮቶ ያለው ቤት ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ይንዶለዶላል፤ ከምንጩ የሚመጣው መስመር ግን ቀጭን ከሆነ ሮቶው አይሞላም። የቤት ውስጥ ኔትወርክ ሮቶ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከምንጩ የሚመጣው ቧንቧ። በዩኒቨርሲቲ ግቢም እንዲሁ ነው፤ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ፋይል ወዲያው ይከፈታል፤ ባሕር ማዶ ያለው ግን ተማሪው ሁሉ የሚጋራውን የውጭ መስመር ይጠብቃል።

ሌላው ወጥመድ ቢትና ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። 700 ሜጋ ባይት የሚመዝን የትምህርት ቪዲዮ እንውሰድ። በ100 ሜጋ ቢት የቤት ኬብል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው 56 ሴኮንድ ይበቃዋል። በ4 ሜጋ ቢት የኢንተርኔት መስመር፣ ያውም «እስከ» የተባለው ሙሉ በሙሉ ሲደርስ፣ 23 ደቂቃ ይፈጃል። ኢንተርኔት አገራችን በገባበት በ1989 ዓ.ም. ማግስት በነበረው የስልክ ሞደም፣ ቢበዛ በ56 ኪሎ ቢት፣ ከ27 ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር። እድገቱን መካድ አይቻልም። ግን ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲገባበት ያ 4 ወደ ግማሽ ሜጋ ቢወርድ 23 ደቂቃው ሦስት ሰዓት ይሆናል። ልጁም ሳያጠና ይተኛል።

ስለ መላኪያውማ የሚያወራም የለም። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው መስመር ሲሠራም ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ተደርጎ ነው። ከማዕከሉ በራቀ ቁጥርም ይዳከማል። የሸመነውን ጋቢ በቪዲዮ ለደንበኛ ማሳየት የሚፈልግ የዶርዜ ሸማኔ የሚያስፈልገው መላኪያው ነው፤ የሚነገረው ግን መቀበያው ብቻ ነው። ሲኒማ ለሚያየው ታስቦ ነው መሰል፣ ሠርቶ ለሚሸጠው ቁጥርም አልወጣለት።

እንግዲህ ስትለኩ ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ለኩ፤ ጠዋትም ማታም ለኩ፤ መቀበያውንም መላኪያውንም ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሻጫችሁ ሂዱና አንዲት ፊደል ብቻ ጠይቁ፦ «እስከ»ውን ሰምተናል፤ «ከ» ስንት?