ሕፃኑ ሲጫወት የሚመዘግበው ማን ነው? የወለንጪቲው የታብሌት ሙከራ ሲገመገም

አንድ የመማሪያ መሣሪያ ሲገመገም ዘወትር የሚቀርበው ጥያቄ «ሕፃኑ ምን ተማረበት?» የሚል ነው። መሣሪያው በስልክ ወይም በታብሌት የሚሠራ መተግበሪያ በሚሆንበት ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄም ይከተላል፤ ይኸውም «መሣሪያው ስለ ሕፃኑ ምን ዐወቀ? ያወቀውንስ ለማን ሰጠ?» የሚለው ነው። መጽሐፍ የሚያነበውን ልጅ መልሶ አያነብም። መተግበሪያ ግን ልጁ የነካውን፣ የቆየበትን ሰዓትና የተሳሳተበትን ቦታ ሁሉ ሊመዘግብ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከሞጆ ብዙ በማይርቅ ስፍራ የተካሄደውን አንድ ስመ ጥር ሙከራ በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ መመዘን ነው።

በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመሠረተው «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በስምጥ ሸለቆዋ ወለንጪቲ፣ በእያንዳንዱ መንደር ለሃያ ያህል የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ሞቶሮላ ታብሌቶችን አደለ። የፊደል ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና ፊልሞች የተጫኑት በእንግሊዝኛ ነበር። መምህር አልተመደበም፤ አዋቂዎቹ የተማሩት በፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙላትን ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ«ቴክኖሎጂ ሪቪው» መጽሔት በወጣው ዘገባ መሠረት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በአማካይ 47 መተግበሪያዎችን በቀን ይጠቀም ጀመር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉ ነበር።

የሙከራው በጎ ጎን ሊካድ አይገባውም። የገጠር ሕፃን ለአዲስ መሣሪያ እንግዳ ነው የሚለውን ንቀት አፍርሷል። ይሁን እንጂ መተግበሪያ መክፈት ማንበብ አይደለም፤ ፊደልን በዜማ መደርደርም ቃልን ነጣጥሎ ከማንበብ ገና ሩቅ ነው። ልጆቹ በቤታቸው በማይናገሩት ቋንቋ የተገኘ ውጤት በመሆኑም ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት የሚሰጠው ማስረጃ የተወሰነ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጉዳይ የመዝገቡ ነው። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ወደ መንደሮቹ እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይለውጥ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ የልጆቹን አጠቃቀም ያጠኑት ከነዚህ ካርዶች ነው። ለምርምር መመዝገብ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እኛም በክፍል ውስጥ እንመዘግባለን። ልዩነቱ የክፍል መዝገብ በትምህርት ቤቱ የሚቀመጥ፣ ወላጅም ሊጠይቀው የሚችል መሆኑ ነው። ስለ ልጆቹ ፍጥነት ብዙ ሲነገር፣ ካርዱ የማን ንብረት እንደሆነና መቼ መሰረዝ እንዳለበት ግን መወያያ ሳይሆን ቀርቷል። መምህሩ ከሙከራው ውጭ መደረጉም እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ በልጁና በአጥኚው መካከል ቆሞ «ይህ ለምን ይመዘገባል?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ቅርብ ሰው እርሱ ነበርና።

ዘገባው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው መክፈታቸውንም እንደ ድል ይተርካል። ብልህነታቸው ያስደንቃል። ለዕቅድ አውጪ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ የሚከፍተው መቆለፊያ እንደ ጥበቃ ሊቆጠር አይችልም። አስተማማኙ ጥበቃ ከመጀመሪያው የማያስፈልገውን መረጃ አለመሰብሰብ ነው።

በወለንጪቲ መረጃው በካርድ ተጉዟል። ዛሬ በሞጆ አንድ ልጅ በአባቱ ስልክ ሲጫወት ግን መረጃው በኢንተርኔት ወዲያውኑ ሊሄድ ይችላል። ጉዳቱም በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ጉግልና ዩቲዩብ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስበዋል በሚል በአሜሪካ የቀረበባቸውን ክስ ለመዝጋት 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ራይትስ ዎች በ49 አገሮች መንግሥታት የተደገፉ የመማሪያ መተግበሪያዎችንና ድረ ገጾችን መርምሮ፣ 89 በመቶ የሚሆኑት የሕፃናትን መብት አደጋ ላይ የሚጥል ወይም የሚጥስ የመረጃ አያያዝ እንዳላቸው ገልጿል። እንግዲህ መንግሥት የደገፈው ሁሉ ከነቀፋ የነጻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በአገራችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የቁጥጥሩን ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ነገር ግን አዋጅ ክፍል ውስጥ የሚገባው በመምህሩና በመርሐ ትምህርት አዘጋጁ አማካይነት ነው። ስለሆነም ማንኛውም መተግበሪያ ወይም ጨዋታ ለትምህርት ቤት ከመመረጡ በፊት የሚከተሉት ነጥቦች ሊመረመሩ ይገባል፦

1ኛ/ የልጁን ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ድምፅና የሚገኝበትን ስፍራ ሳይጠይቅ ሊሠራ ይችላልን?
2ኛ/ ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን? የልጁ ውጤትስ በመሣሪያው ላይ ብቻ ይቀራልን?
3ኛ/ ማስታወቂያ፣ ግዢ ወይም ከማይታወቅ ሰው ጋር መልእክት መለዋወጫ አለውን?
4ኛ/ ወላጅ ፈቃዱን የሚሰጥበት ጽሑፍ በሚረዳው ቋንቋ፣ በሞጆ ሁኔታ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ቀርቧልን? ማንበብ ለማይችል ወላጅስ በቃል ይገለጽለታልን?
5ኛ/ መረጃው የሚሰረዝበት ጊዜ ተወስኗልን? ኃላፊውስ ማን ነው?

በእነዚህ ጥያቄዎች ተመዝኖ የሚያልፍ ጨዋታ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ጥቂቱን መምረጥ ግን ብዙውን ተቀብሎ በኋላ ከመጸጸት ይሻላል። የወለንጪቲ ሕፃናት መሣሪያውን ለመረዳት አስተማሪ እንዳላስፈለጋቸው ተጽፎላቸዋል፤ መሣሪያው ስለ እነርሱ የሚያውቀውን የሚጠይቅላቸው አዋቂ ግን ያስፈልጋቸው ነበር። ለሚቀጥሉት ሕፃናት ያንን ጥያቄ የመጠየቁ ግዴታ የእኛ ነው።