ጊዜ ጸሐፊው እና ገጹ፦ አሮጌ ክሮኖግራፍ ወይስ አዲስ?

ክሮኖግራፍ የሚለው ቃል በግሪክኛ «ጊዜ ጸሐፊ» ማለት ነው። ስሙ መጀመሪያ ላይ ቃል በቃል እውነት ነበር። ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኒኮላ ሪዩሴክ በ1821 በፓሪስ የፈረስ ውድድር ላይ የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ፈረሶቹ ሲገቡ በሚዞረው ገጹ ላይ የቀለም ነጥብ ይጥል ነበር (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ እጅ ላይ የሚታሰረው ክሮኖግራፍ ቀለም የለውም። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ዘንጉ ይነሣል፣ ሲደግሙት ይቆማል፤ ሌላውን ሲጫኑት ወደ ዜሮ ተመልሶ የጻፈውን ይፍቃል። «ገጽ» በአማርኛ ፊትም፣ የመጽሐፍ ገጽም መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሮጌውን ልግዛ ወይስ አዲሱን ብሎ የሚያመነታ ሰው፣ ሳያውቀው ሁለት ገጾችን እያነበበ ነው።

ለዚህ ንባብ የኦሜጋው ስፒድማስተር ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1957 ለመኪና ውድድር ታስቦ ወጣ፤ በ1965 ናሳ ፈትኖ ለጠፈርተኞቹ አጸደቀው፤ በ1969 በበዝ ኦልድሪን እጅ ላይ ታስሮ ጨረቃ ላይ ዋለ። በ1970 አፖሎ 13 ተጎድታ ወደ ምድር ስትመለስ፣ አቅጣጫዋን ለማረም ሞተሩ ለ14 ሰከንድ ያህል መንደድ ነበረበት። ያንን 14 ሰከንድ የለካው ይኸው የእጅ ሰዓት ነው። ስፒድማስተር ዛሬም ይመረታል። ስለዚህ ገዢው የአያቱን ዘመን ሰዓትና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መምረጥ ይችላል።

አሮጌው ካሊበር 321 የሚባል፣ በእጅ የሚሞላ ማሽን አለው። ማሽኑ በ1968 ቀለል ባለውና ለማምረት በሚመቸው 861 ተተካ፤ ሰብሳቢዎች 321ን ከዚያ ወዲህ ይሳሱለታል። ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ገጹ ነው። ጥቁሩ ቀለም በጊዜ ብዛት ቡናማ የሆነበት ሰዓት፣ ጥቁር ሆኖ ከቆየው ይበልጥ ይወደዳል፤ የፋብሪካው ጉድለት ጌጥ ሆኗል። በ1957ቱ ሰዓት ዘንጎች ላይ የተቀባው የሚያበራ ቀለም ራዲየም ነበረበት። ብርሃኑ ከጠፋ ቆይቷል። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ግን ጨረራው አሁንም አለ።

ተቃርኖው የሚገለጠው ሰዓቱ ሲበላሽ ነው። ባለቤቱ ያረጁትን ዘንጎች በአዲስ ቢያስቀይር ሰዓቱ ይታደሳል፣ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ውኃ እንዳይነካው፣ ቁልፉ እንዳይጫን፣ ጠጋኙም እንዳይወለውለው ይጠነቀቃል። ጊዜ እንዲጽፍ የተሠራው መሣሪያ እንዳይጽፍ ይጠበቃል።

ይህ ስስት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ2021 ጄኔቫ ላይ ታየ። አንድ የመጀመሪያው ትውልድ ስፒድማስተር በጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ፤ ገዢው ራሱ ኦሜጋ ነበር፣ ለሙዚየሙ። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በመጡ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን አስታወቀ። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሰዓት «ፍራንከንዎች» ይሉታል። ቃሉ ካሰቡት በላይ ልክ ነው። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው ልቦለድ ፍራንከንስታይን የፍጡሩ ስም አይደለም፤ የሠሪው ነው። እዚህም ክፍሎቹ አሮጌ መሆናቸው ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሐሰቱ ያለው ገጣጥሞ አንድ ታሪክ በሰጣቸው እጅ ላይ ነው።

የግዕዝ ብራናዎችን የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈባቸው ብራናዎች ጥቂት አይደሉም። እዚያ ግን ፍቀቱ ራሱ ይታያል፤ ለተመራማሪው ምስክር ይሆናል። በሰዓቱ ገበያ ፍቀቱ እንዳይታይ ይደከማል፤ ምስክሩም አብሮ ይጠፋል።

አዲሱስ? ከ2021 ጀምሮ የሚሸጠው ስፒድማስተር ካሊበር 3861 አለው። አንዴ ሲሞላ 50 ሰዓት ይሠራል፤ 15,000 ጋውስ የማግኔት ኃይል ይቋቋማል፤ በቀን ቢበዛ 5 ሰከንድ ቢቀድም እንጂ ወደ ኋላ እንዳይቀር ተፈትኗል። በመለኪያነት አሮጌው አይስተካከለውም። ነገር ግን አዲሱም ከትዝታ ነፃ አይደለም። መልኩ የ1960ዎቹን ይከተላል። ኩባንያው 321ንም እንደገና መሥራት ጀምሯል፤ ለዚህም የመጨረሻው የጨረቃ ተጓዥ የጂን ሰርናን ሰዓት ሳይፈታ ውስጡ በጨረር ተነሥቷል። ይህ በግልጽ ቅጂ ነኝ የሚል ቅጂ ስለሆነ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው በብዙ ፋብሪካዎች የተለመደው ሌላ ነገር ነው፤ አዲሱን ቀለም ሆን ብሎ ቢጫ አድርጎ ያረጀ ማስመሰል። ያልኖሩትን ዕድሜ መልበስ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሰዓት ሲያነብ ሁለት ሒሳብ ይሠራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ፈረንጁ ሰባት ይላል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ አገር ቤት የሚደውል ሰው ይህን በየቀኑ ያውቀዋል። የክሮኖግራፉ ዘንግ ግን ባለቤቱ ከጀመረበት፣ ከዜሮ ይነሣል። ቀኑ ከንጋት ይቆጠር ከእኩለ ሌሊት ግድ የለውም፤ 14 ሰከንድ በየትም 14 ሰከንድ ነው። የመሣሪያው ሙያ ይኸው ነው፤ ምርጫውም ከዚህ ሙያ ቢነሣ ይሻላል።

ከአባት የተወረሰ ሰዓት ከክርክሩ ውጭ ነው፤ እሱ ሳይመረጥ ይታሰራል። ከገበያ የሚገዛ አሮጌ ክሮኖግራፍ ግን የሚገባው፣ ከየት እንደመጣና ምኑ እንደተቀየረ በወረቀት ለሚያውቅና ያለ ፍርሃት ቁልፉን ለሚጫን ሰው ነው። ይህ ካልተሟላ አዲሱ ይበልጣል። አዲሱን የገዛ ሰው አርባ ዓመት ቢያስረው እሱም አሮጌ ሰዓት ይኖረዋል፤ ገጹ ላይ ያለው ጭረት የት እንዳገኘውም ያውቃል።