ተረቱ ይቅደም፤ ስለ ሕፃናት የተረት ሰዓት ዕቅድና ስለ እጅ ሥራ የቀረበ ሒስ

ለሕፃናት የሚዘጋጅ የተረት ሰዓት ቀላል ነገር መስሎ ስለሚታይ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኝም። ይሁን እንጂ ልጅ ከመጽሐፍ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው ፊደል በመቍጠር ሳይሆን ሌላ ሰው ሲያነብለት ወይም ሲያወራለት በመስማት ስለ ሆነ፥ ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚታቀድ መመርመር ይገባል።

የምንመረምረው ዛሬ በብዙ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትና መዋዕለ ሕፃናት የተለመደውን አንድ አሠራር ነው። ለሳምንቱ አንድ ርእስ ይመረጣል፤ ለምሳሌ «ቀለማት»፥ «የቤት እንስሳት» ወይም «መጓጓዣ»። ከርእሱ ጋር የሚስማሙ ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍት ይነበባሉ፥ መዝሙር ይዘመራል፤ በመጨረሻም ልጆቹ ርእሱን የሚያሳይ አንድ ነገር ቀብተው ወይም ለጥፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛ ዕቅድ መኖሩን አንቃወምም። የምንቃወመው ርእሱ የተረቱ ገዥ እንዲሆን መደረጉን ነው።

ሒሳችን በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥፍራ መርጠናል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት በአፋፉ ላይ ትገኛለች። ከከተማይቱ በላይ ጤፍና ስንዴ የሚታረስበት ደጋ፥ ከበታቿም ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ አለ፤ በገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ይሰማራል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ በአካባቢው ከተሠራ ወዲህ ደግሞ በአህያና በበቅሎ መንገድ ላይ የጭነት መኪና በዝቷል። በዚህ አገር የሚያድግ የ5 ዓመት ልጅ የሚያውቀው ነገር ብዙ ነው። ጥያቄው የተረት ሰዓታችን ይህን ዕውቀት ይጠራዋል ወይስ ከደጅ ያስቀረዋል የሚለው ነው።

ነገሩ ከባድ መሆኑን አንድ ቍጥር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ፈተና፥ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። በዚያው ዓመት መንግሥት ስለ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣ፤ ከዚያም «ኦ ክፍል» የሚባለው ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተያይዞ ተስፋፋ። ክፍሉ ሲከፈት ግን በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚነገር በዚያው ልክ አልታሰበበትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በዐማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ለተዘጋበት ልጅ ሕንፃ የማይፈልግ፥ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሊደረግ የሚችል የተረት ሰዓት የቅንጦት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ ምንጭ እንለፍ። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለልጆች ተረት መንገር በአሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፒትስበርግና በኒው ዮርክ ተደራጀ። በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ የሳምንት ርእስ መምረጥ ሳይሆን ተራኪው አንድ ጥሩ ተረት በቃሉ አጥንቶ መንገር ነበር። በኒው ዮርክ የነበሩት ወይዘሮ ኦገስታ ቤከርም የታወቁት በተራኪነታቸውና ጥቍር ልጆችን ሳያዋርዱ የሚያሳዩ መጻሕፍትን ለይተው በመሰብሰባቸው ነው። ከዚህ የምንማረው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ተረቱ ለዚህ ልጅ ይገባዋልን?» የሚለው መሆኑን ነው። የሳምንቱ ርእስ ለአዘጋጁ ሥራውን የሚያቀልለት መሣሪያ ነው። መሣሪያነቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ለአዘጋጁ የተመቸው ሁሉ ለሰሚው የተመቸ አይደለም።

በአገራችንም የሚመዘኑ ሥራዎች አሉ። አንደኛው «አባባ ተስፋዬ» እየተባሉ የሚጠሩት የተስፋዬ ሣህሉ ሥራ ነው። እኚህ ሰው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተቋቋመበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ ያረፉትም በ2009 ዓ.ም. ነው። ድምፃቸው፥ የፊታቸው አኳኋንና ልጆችን በአክብሮት መጥራታቸው ከማንኛውም ያጌጠ መጽሐፍ ይበልጥ ነበር። ጉድለቱ የመሣሪያው ነው፤ በቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ቢጠይቅ ቴሌቪዥኑ አይሰማውም።

ሁለተኛው የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ነው። አቶ ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በብዙ ቋንቋዎች ከተጻፉት የልጆች መጻሕፍት መካከል ዐማርኛ አለመኖሩን ተመለከቱ። ከዚህም የተነሣ «ቂሉ ማሞ» የተባለውን ባለ ሥዕል መጽሐፍ በዐማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቆይቶም በሐዋሳ አህያ የሚጐትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። መጽሐፉን ወደ ልጁ በአህያ መውሰድ ለለሚና ለመሰሎቿ ከማንኛውም ሕንፃ የቀረበ አሳብ ነው። ሆኖም መደርደሪያዎቹን መጀመሪያ የሞሉት በአብዛኛው ከአሜሪካ በስጦታ የተላኩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበሩ። ስጦታውን አንንቅም። ነገር ግን አንባቢዋ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ዐማርኛ እየመለሰች ስታስረዳ ተረቱ ተረት መሆኑ ይቀርና ማብራሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው በወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከተመሠረተው ድርጅት የወጣው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ትርኢት ነው። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ ራሷ የምትጠይቅ ልጅ ሆና መቅረቧ ትልቅ ብልኀት ነው፤ የሚያየው ልጅ መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ከእርሷ ይማራል። እንግዲህ ከሦስቱ ሥራዎች የተራኪን ድምፅ፥ የልጁን ቋንቋና የልጁን ጥያቄ አገኘን ማለት ነው። በርእስ የታቀደው የተረት ሰዓት ሦስቱን አንድ ላይ ሊያመጣ ሲችል ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ያጣል።

እንዴት እንደሚያጣ እናሳይ። የመጀመሪያው ስሕተት ርእሶቹ ከውጭ አገር ዝርዝር እንዳሉ መገልበጣቸው ነው። የበረዶ ሰው፥ የበልግ ቅጠል፥ ቀዩ የእሳት አደጋ መኪና በአዲስ አበባ እንኳ ለብዙ ልጅ እንግዳ ናቸው። ይህን ሁሉም ያየዋል። መድኃኒቱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ርእሱን በአገር ቤት ርእስ መለወጥ ብቻ አይደለም። «የበረዶ ሳምንት» ቀርቶ «የአህያ ሳምንት» ቢባል፥ አህያ ስላለበት ብቻ የተመረጠ ፍሬ የሌለው ታሪክ ቢነበብና ልጆቹ የወረቀት የአህያ ጆሮ ቢለጥፉ ምን ተጨመረ? የለሚ ልጅ አህያን ከአዘጋጁ ይበልጥ ያውቃታል። የሚያውቀውን ነገር ስሟን ብቻ መልሶ መንገር ማስተማር አይባልም።

የገዛ ልማዳችን ከዚህ የተሻለ ሥርዐት ነበረው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ አይጀመርም፤ ስለዚህ ሰሚው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ባለድርሻ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባልም «ምን አውቅልሽ» ይባላል፤ መልሱን ያጣ ልጅ አገር ይሰጣል፥ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይገልጻል። በዚህ ጨዋታ ልጅ ያስባል፥ ይከራከራል፥ ቃል ይመርጣል፤ አለማወቁም ከጨዋታው አያስወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1988 ኋይትኸርስት የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ይህንኑ በሌላ መንገድ ያረጋግጣል፤ ወላጆች ሲያነቡ ልጁን እየጠየቁና መልሱን እያስፋፉ ለአንድ ወር ያህል ቢያነቡለት፥ ዝም ብሎ ከሚሰማው ልጅ ይልቅ በንግግር ችሎታው ቀድሞ ተገኝቷል። አያቶቻችን ያለ ጥናት የያዙትን ነገር በወረቀት ጽጌረዳ መለወጣችን ያሳዝናል።

ሁለተኛው ስሕተት በእጅ ሥራው ላይ ይታያል። በተለመደው አሠራር አዘጋጁ ቅርጹን አስቀድሞ ይቈርጣል፤ ልጁ የሚቀረው ሥራ ቀለም መቀባትና በተባለው ቦታ መለጠፍ ብቻ ነው። ሃያው ልጅ ሃያ አንድ ዐይነት ነገር ይዞ ይወጣል። ሥራው በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ያማረው ግን የአዘጋጁ እጅ ነው። ከዚህም ሌላ ባለ ቀለም ወረቀት፥ ሙጫና መቀስ በየሳምንቱ መግዛት ለወረዳ ትምህርት ቤት ከባድ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ የተረቱ ሰዓትም አብሮ ይቋረጣል።

በለሚ ዙሪያ ያለ ልጅ ግን ሳይገዛ የሚሠራበት ነገር አያጣም። ከማሽላ አገዳ መነጽርና መኪና ይሠራል፥ ከጭቃ በሬ ያበጃል፥ ከቆርኪ ጎማ ያወጣል፤ እናቱና እኅቱ ከስንደዶና ከአክርማ ሲሰፉ ያያል። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፥ ብረት ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ልጁን ለመጽሐፍ የላከ ወላጅ እጁ ጭቃ ሆኖ ሲመለስ ቢያይ ሊቈጣ ይችላል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ጭቃውን የሚያስተው ምክንያት አይደለም። መጽሐፍና ጭቃ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ያየ ልጅ የእጅ ሥራን ንቆ ለማደግ ይቸግረዋል። ወላጆች ግን አስቀድመው ሊነገራቸውና፥ ቢቻልም አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ተጋብዛ በመምህርነት ማዕርግ በክፍሉ ፊት ልትቀመጥ ይገባል። በወረቀት የተለጠፈ ጀበና ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ነቅፎ ብቻ መተው ተገቢ ስላልሆነ አንድ ምሳሌ እናቀርባለን። «ቂሉ ማሞ»ን እንውሰድ። ማሞ በየቀኑ ሠርቶ የሚያገኘው ዋጋ ልዩ ልዩ ነው፤ እናቱ ስለ ትናንቱ የሰጠችውን ምክር እርሱ ዛሬ በሌላ ነገር ላይ ይፈጽመዋል፥ ሁልጊዜም አንድ ቀን ዘግይቶ ይታዘዛል። በተለመደው ዕቅድ ይህ ተረት «ቤተሰብ» በሚለው ርእስ ሥር ይገባና ልጆቹ የማሞን ሥዕል ቀለም ይቀባሉ። እኛ ግን ከተረቱ ራሱ እንነሣለን። ተራኪዋ መጀመሪያ ተረቱን 10 ደቂቃ ያህል ትናገራለች፤ በእያንዳንዱ ቀን ማብቂያ ቆም ብላ «ነገስ ምን ያደርግ ይመስላችኋል?» ትላለች። ተረቱ እየተደጋገመ ስለሚሄድ የ4 ዓመቱ ልጅ እንኳ ይገምታል። ቀጥላ ለ10 ደቂቃ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች፤ «ማሞ ያጠፋው ባለመታዘዙ ነው ወይስ በመታዘዙ?» ይህ ጥያቄ ለትልቅም የሚከብድ ነው። ልጅ ታዛዥ እንዲሆን ብቻ በሚፈለግበት ቤት ላደገ ሕፃን ደግሞ ምናልባት መጀመሪያ የሚሰማው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይሆናል።

የእጅ ሥራውም ከዚህ ይወለዳል። የማሞ ችግር የዕቃ መያዣ ችግር ነው፤ እህል በስልቻ፥ ውኃ በእንስራ ወይም በጀሪካን እንጂ ሁሉም በአንድ ነገር አይያዝም። ስለዚህ ልጆቹ ከጭቃ፥ ከሣርና ከቅጠል የየራሳቸውን መያዣ በ20 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ከዚያም አንድ እፍኝ ገብስና ጥቂት ውኃ አምጥተው ይፈትኑታል። ያፈሰሰበት ልጅ ለምን እንደ ፈሰሰ ይናገራል። የሃያው ልጅ ሥራ ሃያ ዐይነት ይሆናል። ለግድግዳ የሚሆን ጌጥ አይገኝበትም፤ ልጁ ማታ ከናቱ ጋር የሚነጋገርበት ነገር ግን ይዞ ይገባል።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። አንደኛው «ልምድ የሌላት ወጣት መምህርት ርእስ ካልተሰጣት ሰዓቱ ይበታተንባታል» የሚል ነው። እውነት አለበት። ነገር ግን ለእርሷ የሚረዳት ከ52 ርእሶች ዝርዝር ይልቅ በደንብ የምታውቃቸው 12 ተረቶች ናቸው። ልጅ አንድን ተረት ደግሞ ደጋግሞ መስማት ይወዳል፤ በወር አንድ ተረት በልዩ ልዩ ጥያቄና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ቢመላለስ ዓመቱ ይሞላል። ርእሱም ከተረቱ በኋላ ራሱ ይመጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ «የቈዩ ተረቶች ተንኰልንና ጭካኔን ያስተምራሉ» የሚል ነው። አንዳንዶቹ ያስተምራሉ፤ ስለዚህ መምረጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ተንኰለኛዋን ጦጣ ከተረት ብናስወጣት ከዓለም አትወጣም፤ ልጁ ስለ እርሷ በተራኪው ፊት ቢከራከር ይሻለዋል።

የምናቀርበው አሳብ በኮሌጃችን አቅም የሚፈጸም ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ትውልድ አገሩ ለዕረፍት ሲሄድ አንድ ተረት ከአንድ አያት አፍ ይጻፍ፤ የተረቱን ቃል ብቻ ሳይሆን ልጆች የሣቁበትን፥ ያቋረጡበትንና የጠየቁበትን ቦታ ጭምር ይመዝግብ። የቋንቋ ተማሪዎች ጽሑፉን ያርሙት፤ የትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጥያቄና የእጅ ሥራ ይጨምሩበት፤ መምህራኖቻችንም ይመርምሩት። እንዲህ ያለ ስብስብ አሥራ ሁለት ተረት ሲሞላ ለአንዲት የኦ ክፍል መምህርት ሊሰጥና በአንድ ዓመት ሊፈተን ይችላል። ያን ጊዜ የእኛም አሳብ እንደ ማሞ መያዣ ውኃ ተሞልቶበት ይታያል፤ የሚያፈስበት ቦታ ቢገኝ በዚሁ መጽሔት ላይ ይጻፍና ይታረም።