የደም መጣጭ ታሪክ በልደታ አድማጮች ዘንድ

አንድ ደራሲ የፈጠረውን ሰው ሌላው ተቀብሎ ታሪኩን ሲቀጥልበት ነገሩን እንደ ስርቆት የሚቈጥሩት አሉ። ሆኖም ደም መጣጩ ሙት በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ዝነኛ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ የጻፈውና በ1819 እ. ኤ. አ. የታተመው አጭር ታሪክ ባለቅኔው ባይረን ጀምሮ ከተወው ቍራጭ የተወለደ ሲሆን፥ መጀመሪያ የወጣውም በባይረን ስም ነበር። የብራም ስቶከር ድራኩላ በ1897 እ. ኤ. አ. ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንደ ቀጠለው ለመቍጠር ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመቀጠሉን ተገቢነት ሳይሆን፥ ሰሚው ተከታዩን ሲሰማ ምን እንደሚሆን ነው።

አንድ ጓደኛችን ድራኩላን ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ በደብተር የጻፈውን ታሪክ፥ ልደታ በአንድ የኮንዶሚንየም ቤት ቡና እየተፈላ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። ታሪኩ ደም የበዛበት ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ይነከሳሉ። አድማጮቹ ግን ሳቁ። «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል በ1966ቱ አብዮት ዘመን የባላባትና የከበርቴ ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ፥ አንዱ «ሰውዬው አራጣ አበዳሪ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጥፋቱ የጠያቂው አይመስለንም፤ ደራሲው ባዕዱን ሰው ከነካባው አምጥቶ በመካከላችን አቆመው እንጂ ከቤታችን ጋር አላስተዋወቀውም።

ነገሩ የተለወጠው በነጭ ሽንኩርት ነው። ድራኩላ ከመስቀል እንደሚሸሽ ሲነበብ ማተብ ያሰሩት ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ነጭ ሽንኩርት እንደሚያባርረው ሲነበብ ደግሞ የቤቱ እመቤት እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው «እንዲህ በሉኛ ልጆቼ! ይኼማ ቡዳ ነው» አሉ። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ለቡዳ መድኃኒት ነው ሲባል ያልሰማ በዚያ ቤት አልነበረም። ሳቁ ወዲያው ቆመ።

ጓደኛችንም ይህን አይቶ በሁለተኛው ምዕራፍ ድራኩላን ተወውና ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ አመጣ። በድርሰትነቱ ይህ ምዕራፍ ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል። ጅቡን አያሳየንም፤ በጨለማ የመዶሻ ድምፅ ያሰማናል፥ ድምፁም ድንገት ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። አድማጮቹም «ይብላው! ጨምርበት!» እያሉ ደራሲውን አጣደፉት።

ይሁን እንጂ ይህ ኃይል ከየት መጣ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፥ በ1831 እ. ኤ. አ. በታተመው ማስታወሻው፥ ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ጅብ ይሆናሉ ተብለው እንደሚታሙ፥ ጆሮ ጕትቻ ስላደረጉ ጅቦችም የሚወራውን ጽፏል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ሐሜቱ ተራ ጨዋታ ስላልነበረ ነው። ጓደኛችን በአንዲት መዶሻ ያስደነገጠን፥ ፍርሃቱን ሌሎች አስቀድመው ስላዘጋጁለት ነው። ከድንጋጤያችን እኩሌታው የእርሱ ሥራ አልነበረም፤ ሂስ ስናቀርብም ይህን ቀንሰን መመዘን ይገባናል።

ከአድማጮቹ መካከል አባቱ ብረት ቀጥቅጦ ያስተማረው ባልንጀራችን ነበረ። ቶናውን ሳይጠጣ ተነሥቶ ወጣ። ልብ ያልነው ስኒውን ስናነሣ ነው፤ «ይብላው» ካሉት መካከል እኛም ነበርንና።

ደም ያለበት ታሪክ የወጣቱን ልብ ያደነድናል የሚለውን ክስ በዚህ ምክንያት አንቀበልም፤ እኛም በጭራቅ ተረት አድገናል። ጭራቅ ሰውን ከነአጥንቱ ይበላል፥ ሕፃናትም «ድገሙልን» ይላሉ። ነገር ግን በሙያው ጭራቅ ነው ተብሎ ጋብቻ የተከለከለ ጎረቤት አናውቅም። ቡዳው ግን አድራሻ አለው።

ባልንጀራችን ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብተሩን ተቀብሎ ሦስተኛውን ምዕራፍ ራሱ ጻፈው። በእርሱ ታሪክ ድራኩላ ተመልሶ ይመጣል፤ ቀጥቃጩም የሚገድለውን ቢላዋ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። እውነቱን ለመናገር ምዕራፉ ረዥም ነው፤ ስለ ወናፍና ስለ ብረት ማጋል ብዙ ይተርካል፥ ደሙም ጥቂት ነው። ከአድማጮቹ አንዳንዶቹ አዛጉ፥ አንዱም «ጅቡስ?» አለ። እትዬ ብቻ የብረቱን ነገር በጽሞና ሰምተው፥ «ቢላዋውን ግን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ። እርሱም «ገና አልጻፍኩትም፥ እትዬ» አላቸው።