የላሜራ ሠሪው መዳፍ

እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ የታየችው መኪና ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር፣ የንድፍ ድርጅቱ ፒኒንፋሪና ያወጣላትን ውብ ቅርጽ ከግጭት በኋላ መልሳ የምታገኘው በላሜራ ሠሪ እጅ ነው። ባለሙያው ከውስጥ ደግፎ፣ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ የጎደጎደውን ያቃናል፤ ዝገት የበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። የቀረውን ጎድጓዳ የሚሞላውን ስቱኮ ስስ አድርጎ ይቀባል፤ ከወፈረ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃልና። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተሸጋገረ ይፈገፍጋል። ደጋግሞ በመዳፉ ይዳብሳል፤ ከዓይን ያመለጠውን ጉብታ መዳፍ አያልፈውም። የዝገት መከላከያው፣ ቀለሙ፣ የሚያብረቀርቀው የላይ ሽፋን በየተራ ይከተላሉ። ቀለም ጉድለትን ያጎላል እንጂ አይሸፍንም። ስለዚህ ያማረ አሮጌ መኪና ስታዩ፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን ትዕግሥት አመስግኑ።